የሚፈታና የማይፈታ

ላፕቶፑ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ የጥገና ጠረጴዛው ላይ ተንጋሏል። ባለሙያው በካቻቢቴ ብሎኖቹን ተራ በተራ ያላላል፤ ብሎኖቹ ግን ከክዳኑ ተነቅለው አይወጡም፣ ላልተው እዚያው ቀዳዳቸው ውስጥ ይቀራሉ።

«አዩት ጋሼ?» አለኝ ቀና ሳይል። «ተራ ላፕቶፕ ሲፈታ ብሎኑ ይንከባለልና ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ግማሽ ቀን ፍለጋ ነው። ይሄን የሠሩት ሰዎች ግን አንድ ቀን እንደሚፈታ አውቀው ነው የሠሩት።»

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ከላይ እስከ ታች ስልክና ኮምፒውተር ከሚሸጥባቸው ሕንፃዎች በአንዱ 3ኛ ፎቅ ላይ ነን። ክፍሏ ከአንድ አልጋ ብዙም አትሰፋም። ከጎኔ የእህቴ ልጅ ቆማለች፤ አርክቴክት ናት። ከተቀጠረችበት ቢሮ ለቃ ለራሷ ልትሠራ ነው። እስከ ዛሬ የምትሠራበት ኮምፒውተር የቢሮው ስለነበር ከወንበሩ ጋር አስረክባ ወጥታለች። እኔን ያስከተለችኝ ከዚህ ዕቃ ጋር ብዙ ዘመን ስለኖርኩ ነው፤ እናቷም «ብቻሽን ከሄድሽ ያታልሉሻል» ብላታለች። እኔም ተታልዬ እንደማውቅ ለእህቴ አልነገርኳትም።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማሽኖች ቀርበዋል፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ52፣ ዴል ፕሪሲዥን 7530 እና ኤችፒ ዜድቡክ 15 ጂ5። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ገበያ የወጡ ናቸው። ሻጩ «ስላይትሊ ዩዝድ» ይላቸዋል፤ በእኔ አማርኛ ሌላ ሰው ጠግቦባቸዋል። አብዛኞቹ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ኩባንያዎች ጥቂት ዓመት ሠርተውባቸው በጅምላ ያስወገዷቸው ናቸው፤ በዱባይ በኩል ይገባሉ፣ በመንገደኛ ሻንጣም ይገባሉ። አዲሱን መግዛት ድሮም ቀላል አልነበረም፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ ጀማሪ አርክቴክት ቀርቶ ቢሮውም ሁለቴ ያስብበታል። ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት እናንተ ጋ እስኪደርስ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የእህቴ ልጅ ስለ ፕሮሰሰር ከመጠየቋ በፊት ጣቷን ከመዳሰሻው ሰሌዳ ሥር አሳረፈች። እዚያ ሦስት ቁልፎች አሉ። ተራ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ናቸው፣ አሁን አሁን ደግሞ ጭራሽ የሉም። ሬቪት በተባለው የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሥዕሉን ወዲህና ወዲያ የሚጎትተው መሐለኛውን ቁልፍ ተጭኖ ነው። ማውሱን ቤት ረስቶ ሳይት የሄደ አርክቴክት የዚህችን ቁልፍ ዋጋ ያውቃል። ሦስቱም ማሽኖች አላቸው። «ይሄስ ጥሩ ነው» አለች፤ ሻጩ ግን ምን እንዳስደሰታት አልገባውም።

«ዎርክስቴሽን» የሚባለው ላፕቶፕ ከውጭ ሲያዩት ወፍራምና ከባድ፣ መልኩም የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ የመሰለ ነው። ልዩነቱ ውስጡ ነው። የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር የተዘጋጀው ለጌም ሳይሆን ለንድፍ ሥራ ነው፤ እንደ አውቶዴስክና ዳሶ ያሉ የሶፍትዌር ድርጅቶችም ከእነሱ ፕሮግራም ጋር ተሞክሮ ማለፉን ያረጋግጡለታል። የራም ማስገቢያው ከሁለት አልፎ አራት ይደርሳል። ክዳኑ በጥቂት ብሎን ይከፈታል። አምራቾቹም የጥገና መመሪያቸውን ለማንም ሰው በነፃ ያወጣሉ። የአዲስ አበባ ጠጋኞች እነዚህን ማሽኖች የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ባለሙያው ክዳኑን አንስቶ ጎኑ አስቀመጠ። በካቻቢቴው ጫፍ እየጠቆመ «ይሄ ይፈታል። ይሄ ይፈታል። ይሄም ይፈታል» አለ፤ የራሙን፣ የዲስኩንና የዋይፋይ ካርዷን ቦታ እያሳየ። ቀጥሎ ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦዎች የተጋደሙበትን መታ መታ አደረገው። «ከዚህ ሥር ያለው ግን አይፈታም። ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። እህቴ፣ ብርሽን የማይፈታው ላይ ጣይው። የሚፈታውን ቀስ እያልሽ ትጨምሪያለሽ።»

ሰውየውን ወደድኩት። ገበያው የሚመክረው የዚህን ግልባጭ ነውና። የቴሌግራም ማስታወቂያዎቹን ተመልከቱ፦ «32 ጂቢ ራም! 1 ቴራ ኤስኤስዲ!» ብለው ይጮሃሉ። ሁለቱም በአሥር ደቂቃ የሚቀየሩ ነገሮች ናቸው። ሻጩ አንድ ደካማ ማሽን አንሥቶ ራም ይጨምርበታል፣ ማስታወቂያው ያብባል፤ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰርና የግራፊክስ ካርድ ግን የተወለደበት ዓመት ላይ እንደቆመ ነው። የግራፊክስ ካርዱ ስም ማስታወቂያው ላይ ከሌለ፣ የሌለበት ምክንያት አለው።

ከማይፈታው እንጀምር። ለምን እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ላይ ቆምን? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። የአንድ ዓመት ታላላቆቻቸው የሆኑት ፒ51ና ፕሪሲዥን 7520 ጥሩ ማሽኖች ሆነው ሳለ ከዚህ አጥር ውጭ የቀሩት በአብዛኛው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ደረጃ ባሉ ላፕቶፖች ላይ ኢንቴል ከአራት ኮር ወደ ስድስት ኮር የተሻገረው በ8ኛው ትውልድ ነው። በአንድ ዓመት ልዩነት የአንድ ተኩል እጥፍ ኮር ማግኘት በዚህ ዕቃ ታሪክ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

ከሦስቱ አንዱ ላይ «ዚዮን» የሚል ተለጣፊ ነበረ፣ ሻጩም በዚያ ምክንያት ዋጋ ጨመረበት። ዚዮን ኢ-2176ኤም እና ኮር አይ7-8850ኤች ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ስድስት ኮር፣ ሁለቱም 45 ዋት፤ ከፍተኛ ፍጥነታቸው 4.4 እና 4.3 ጊጋኸርዝ። ዚዮኑን ዚዮን የሚያሰኘው ዋናው ነገር ስሕተት የሚያርም ራም መቀበሉ ነው፤ እኛ የከፈትነው ማሽን ውስጥ ግን የተሰካው ተራ ራም ነው። ለዚህ ጭማሪ የሚከፍል ሰው የሚገዛው ተለጣፊውን ነው።

ግራፊክሱ ላይ ረዘም አድርገን ቆየን፤ የእህቴ ልጅ ሥራ ሁለት ጠባይ አለውና። ሬቪት ላይ ግድግዳ ስታቆምና ጣራ ስትከድን ሸክሙ በአብዛኛው የሚያርፈው አንድ ኮር ላይ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ኮር ምን ያህል ይሮጣል የሚለው፣ ስንት ኮር አለ ከሚለው ይቀድማል። ደንበኛው «ቤቴ ምን ይመስላል?» ሲላትና ወደ ሬንደር ፕሮግራሞቹ፣ ወደ ሉሚየን ወይም ኢንስኬፕ፣ ስትሻገር ደግሞ ፕሮሰሰሩ ያርፋል፣ ሸክሙ ሁሉ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይዞራል። ዛፉ፣ ሣሩ፣ የመስታወቱ ነጸብራቅ ሁሉ የግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ ውስጥ መግባት አለበት። ካልበቃው ማሽኑ ያነክሳል፣ ወይም ፕሮግራሙ ተዘግቶ ቁጭ ይላል። ከግራፊክስ ካርዶቹ ኳድሮ ፒ1000ና ፒ2000 4 ጂቢ አላቸው፤ ፒ3200 6 ጂቢ አለው። ራም ይጨመራል፤ ይህ ግን አይጨመርም። የፕሪሲዥን 7530 ግራፊክስ ለብቻው በካርድ ላይ ስለተሠራ ተነጥሎ ይወጣል፤ ቅርጹ የዴል ብቻ ስለሆነ ግን የተሻለውን አዲስ አበባ ውስጥ አግኝቶ መተካት ላም አለኝ በሰማይ ነው። በእኔ ግምት ገንዘቧ ትንሽ ቢፈቅድላት ኖሮ ኳድሮ አርቲኤክስ 3000 ያላቸውን እ.ኤ.አ. የ2019 ማሽኖች መያዝ ነበረባት፤ እነሱ የብርሃን ጨረርን ለማስላት የተለየ ክፍል ተሠርቶላቸዋል። አልፈቀደላትም። 6 ጂቢ ያለው ፒ52 ላይ ተስማማን።

ስክሪኑን በፍጥነት አለፍነው። በንድፈ ሐሳብ ይፈታል፣ በተግባር ግን ማንም አይቀይረውም። ርካሹ ፓኔል ከኤንቲኤስሲ የቀለም ክልል 45 ከመቶውን ብቻ ያሳያል፣ ደህናው 72 ከመቶ ገደማ። ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስልካችሁ ላይ የምታውቁትን አንድ የበርበሬ ፎቶ ላፕቶፑ ላይ ክፈቱት። በርበሬው ሚጥሚጣ ከመሰለ ስክሪኑ 45 ነው።

ወደሚፈታው ስንመጣ ደግሞ አንድ ድንጋጤ ገጠመን። ክዳኑ ሲነሳ ሁለቱም የራም ማስገቢያዎች ባዶ ነበሩ። ሻጩ «16 ጂቢ አለው» ብሎናል። የእህቴ ልጅ ዓይኗን ወደ እኔ ወረወረች፤ «ያታልሉሻል» ያለችው እናቷ ትዝ አለቻት መሰለኝ። ባለሙያው ሳቀ። ፒ52 አራት ማስገቢያ ሲኖረው ሁለቱ ኪቦርዱ ሥር ናቸው፤ 16ቱ በሁለት ስምንት ስምንት ተከፍሎ እዚያ ተኝቷል። ለእኛ እነዚህ ሁለት ባዶ ቦታዎች ከ16ቱ ይልቅ ዋጋ አላቸው። ራም በጥንድ ሲሰካ ፕሮሰሰሩ በሁለት በር ያነባል፤ ለብቻው የተሰካ ትልቅ ራም ግን ሁሉን በአንድ በር ያሰልፋል።

ራም ስትገዙ ተለጣፊውን አንብቡ። «ፒሲ4-2666ቪ» የሚለው ለዚህ ማሽን የሚሆነው ነው፤ ዲዲአር4፣ በ2666 ፍጥነት። ቀርፋፋ ብትቀላቅሉበት ሁሉም ወደ ቀርፋፋው ይወርዳል። በዚህ አጋጣሚ አዲሶቹን ማሽኖች የሚመኝ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው ከነአካቴው ተበይዶ ነው የሚመጣው። ዴል በ2022 በፕሪሲዥን 7670 ላይ ካም የተባለ አዲስ ዓይነት የሚፈታ ራም አወጣ፤ በዲሴምበር 2023 የኢንዱስትሪው የጋራ መለኪያ ሆነ፣ በ2024ም ቲንክፓድ ፒ1 ጄን 7 የዚሁን ቤተሰብ አንዱን ይዞ መጣ። እነዚህን ዓመቶች የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ ነው። ዕቃው ቦሌ መደርደሪያ ላይ እስኪለመድ ገና ነው።

ኤስኤስዲው ላይ ወጥመዱ የቅርጽ ነው። ባለሙያው ከመሳቢያው ሁለት ዲስኮች አውጥቶ መዳፉ ላይ አጋደማቸው። ሁለቱም ማስቲካ የሚያህሉ፣ 22 ሚሊሜትር በ80። «ልዩነታቸውን ንገሪኝ» አላት። አንዱ ጥርሱ ላይ አንድ ስንጥቅ አለው፣ ሌላው ሁለት። ባለሁለት ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ሳታ ነው፤ በሴኮንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል። ባለአንዱ ኤንቪኤምኢ ሲሆን በዚህ ትውልድ ማሽን ላይ እስከ 3,500 ይሄዳል። ሁለቱም ኤም ዶት ቱ ይባላሉ፣ በአንድ ስምም ይሸጣሉ። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሠራና ምን ያህል እንደተጻፈበት ራሱ ዲስኩ መዝግቦ ይይዛል፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በምትባል ነፃ ፕሮግራም ይታያል። እምቢ ያለ ሻጭ ካለ ዲስኩን እዚያው ትቶ መሄድ ነው።

አንድ የማይፈታ ነገር ደግሞ በካቻቢቴ የማይታይ አለ። ከኩባንያ የወጣ ማሽን ባዮሱ፣ ማለትም ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ሊመጣ ይችላል። ዊንዶውስ ይከፈታል፣ ሁሉ ሰላም ይመስላል፤ ችግሩ የሚታወቀው አንድ ቀን ባዮስ ውስጥ መግባት ሲያስፈልግ ነው። ሌኖቮ ራሱ የዋናው ይለፍ ቃል ከጠፋ መፍትሔው ማዘርቦርዱን መቀየር ነው ይላል። ስለዚህ ብር ከመቁጠር በፊት ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳትና ኤፍ1ን ተጭኖ መግባት ያስፈልጋል። የኛው ምንም ሳይጠይቅ ገባ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ከጥቂት ዓመት በፊት ስሙን ከማልጠራው ሱቅ ስሙን የማልጠራውን ላፕቶፕ ገዛሁ። በወረቀት ላይ አውሬ ነበር፤ ሥራ ላይ ግን ኤሊ ሆነብኝ። ዊንዶውሱን ሁለት ጊዜ ጫንኩ። ራም ጨመርኩ። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፔስት አስቀየርኩ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አንድ የእንግሊዝኛ መልእክት ያወጣ ነበር፤ እኔም በየቀኑ ሳላነበው አንድ ቁልፍ ተጭኜ አልፈው ነበር። በመጨረሻ አንድ ወጣት ጠጋኝ ላፕቶፑን ትቶ ቻርጀሩን ገለበጠ። 19.5 ቮልት፣ 4.62 አምፔር። «ያባዙት» አለኝ። 90 ዋት ሆነ። ማሽኑ የሚፈልገው የዚያን እጥፍ ነበር። መልእክቱም የሚለው ይህንኑ ነበር።

የዴልና የኤችፒ ቻርጀሮች መሐላቸው ላይ ቀጭን መርፌ አለች፤ የሌኖቮው አራት ማዕዘን ጫፍም በራሱ መንገድ ስንት ዋት እንደሆነ ለማሽኑ ይናገራል። ማሽኑ የተነገረው ካልበቃው፣ ወይም ካላወቀው፣ ራሱን ዝግ አድርጎ ይሠራል፤ አንዳንዱ ባትሪውን መሙላትም ይተዋል። ሱቆች ላፕቶፑንና ቻርጀሩን ለየብቻ ስለሚያስመጡ ሲሸጡ የገጠመውን ያያይዛሉ። ጫፉ ገባ ማለት ግን ልኩ ነው ማለት አይደለም። ከፒ52 ጋር የሰጡን የቻርጀር ጡብ ላይ 20 ቮልት፣ 8.5 አምፔር ይላል፤ 170 ዋት። 6 ጂቢ ግራፊክስ ላለው የሚያስፈልገው 20 በ11.5፣ 230 ዋት ነው። ሻጩ «እኔ በዚህ ነው የምጠቀመው» አለ። ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ሲሰለቸው ወደ ታች ፎቅ ልጅ ላከ። ትልቁ ጡብ መጣ፤ ለብቻው የሕፃን ጫማ ሳጥን ያክላል።

በዚሁ ምክንያት ነው ዶክ የሚባለውን ዕቃ ያስተውኳት። በአንድ የዩኤስቢ ሲ ገመድ ስክሪን፣ ኢንተርኔትና መብራት ማግኘት ደስ ይላል። ይህ ገመድ እ.ኤ.አ. በ2018 ማሽኖች ዘመን በስታንዳርዱ ይሰጥ የነበረው ግን ቢበዛ 100 ዋት ነው፤ 240 ዋት የሚያስተላልፈው ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ዶኩን ገዝታ ጡቡንም ልትሰካ ነው። ባለ ሦስት ቁልፍ ማውስና ከላፕቶፑ ጀርባ የሚገባ ደህና 24 ኢንች ስክሪን ይበቃታል።

ሙቀቱስ? አምራቾቹ እነዚህን ማሽኖች እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ይሠራሉ ብለው ነው የሚጽፉት። አዲስ አበባ በ2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እንጦጦ ጫፍ ላይ ሬንደር የሚያደርግ ካልተገኘ በቀር ደንቡን አንጥስም። ነገር ግን እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ዞሮ የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የጥቅምት ነፋስ ያቀዘቅዘዋል ብለን ማሽኑን ስንረሳው፣ ውስጡ 100 ዲግሪ ሊደርስ ሲል ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የ4.3 ጊጋኸርዙን ዋጋ ከፍለን በ2.6 እንሠራለን። ባለሙያው ማራገቢያውን ሲያወጣው በመዳቡ ጥርሶች መካከል ግራጫ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር። በብሩሽ ጠረገው፣ የደረቀውን ፔስት ፍቆ አዲስ ቀባ። ከሥር የሚነፋ ማራገቢያ ያለው ማስቀመጫ ሻጩ ሊጨምርልን ፈለገ፤ የኋላ እግሩን በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ ማድረግ ያንን ሥራ ይሠራል።

የመብራቱ ነገር ብዙ ማለት አያሻም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ግን በባትሪ ላይ ግራፊክሱ ሙሉ ኃይሉን አያገኝም፣ ስለዚህ ያኔ ሥራ ይቀመጣል እንጂ ሬንደር አይጀመርም። የሚጎዳው መብራቱ ሲመጣ ነው። ተራ ዲቫይደር ላይ ከመሰካት ደህና መከላከያ ያለው መግዛት፣ ዩፒኤስ ከተገኘም ለውጪው ስክሪንና ለዋይፋዩ መስጠት ይሻላል።

ባትሪውን በመጨረሻ አየነው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፦ ሲሠራ 90,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ አሁን የሚይዘው 58,000። አዲስ ያስፈልጋል፤ ይፈታል፣ ስለዚህ ዋጋ አስቀነስንበት እንጂ አልተጨቃጨቅንም። አምራቾቹ ከ100 በታች የሚቆሙት አንድ ደንብ ፈርተው ነው፤ አየር መንገዶች ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ ያለ ፈቃድ አያሳፍሩም። መለዋወጫ ባትሪ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከአውሮፕላኑ ሆድ መጫን የለበትም፣ በእጅ መያዝ አለበት።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህታችን ለገና ልትመጣ ነው። የእህቴ ልጅ ማታውኑ ጻፈችላት፦ አንድ ባትሪ፣ 16 ጂቢ ራም ሁለት ፍሬ፣ ቁጥሩ ይሄ፣ ፍጥነቱ ይሄ። በሳምንቱ በቴሌግራም ፎቶ መጣ። ሁለቱ ራሞች ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ ከሹካ ጎን ተጋድመዋል። «የኔ ማር፣ አገኘሁልሽ። ባትሪውንም በእጄ ነው የምይዘው፣ አትጨነቂ» ይላል።

የእህቴ ልጅ ፎቶውን አሰፋችው፤ ተለጣፊውን አነበበች፤ 2666 ይላል። እንደገና ሹካውን አየች። ራሙ ሹካውን ሊስተካከለው ምንም አልቀረውም።

«ጋሼ» አለችኝ ስልኩን እያቀበለችኝ፣ «ይሄ የዴስክቶፑ አይደል እንዴ?»

ነው። ረጅሙ 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የላፕቶፑ ግማሹ ነው። ስልኩን ተቀበለችኝና በድምፅ መልእክት ላከችላት፦ «እቴቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን አጭሩን ነው የምፈልገው። ሹካውን ተዪና ከማንኪያ ግማሽ የሚያህለውን ስጡኝ በያቸው።»